እውነቱን የነገረችኝን ቀጣኋት

በነርስነት ዘመኔ ያልሠራሁበት ክፍል ጥቂት ነው። ከቀዶ ሕክምና ዋርድ ጀምሬ፣ በማዋለጃና በድንገተኛ ክፍል አልፌ የዋርድ ኃላፊ ሆንኩ፤ ኋላም አስተማርኩ። ወጣት ነርሶች ሙያው ሳይሰለቸኝ እንዴት እንደዘለቅኩ ሲጠይቁኝ ከክፍል ክፍል እየተዘዋወርኩ መማሬን እነግራቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው ይህን ነው።

ኃላፊ ሳለሁ አንዲት አዲስ ነርስ የሌሊት ተረኛ ነበረች። ለአንድ የስኳር ሕመምተኛ 10 ዩኒት ኢንሱሊን ታዟል። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ስላለቀ በተራ ሲሪንጅ ቀዳች። የያዘችው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስለነበረው መስጠት የነበረባት 0.1 ሚሊ ሊትር ነው። እሷ 1 ሚሊ ሊትር ወጋችው፤ አሥር እጥፍ። ወዲያው ስህተቷን ተረዳች። ለሐኪሙ ደወለች፣ በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጠችው፣ ስኳሩን እየለካች አጠገቡ አነጋች። ሰውየው ተረፈ።

ጠዋት በርክክብ ሰዓት ሁሉንም በራሷ አንደበት ነገረችኝ። እኔ ግን በባልደረቦቿ ፊት አዋረድኳት። «አንቺም ነርስ ነኝ ትያለሽ?» አልኳት፤ ማስጠንቀቂያም ጻፍኩባት። ሲሪንጁ ለምን እንዳለቀ አላነሳሁም፤ አስቀድሞ ማስመጣቱ የእኔ ሥራ ነበር። ብዙም ሳትቆይ ሙያውን ተወች።

ከዚያ ወዲህ በዋርዳችን ስህተት ሪፖርት ያደረገ የለም። ሥርዓት አስያዝኳቸው ብዬ ኮራሁ። ከዓመታት በኋላ አብራን የሠራች ነርስ፣ «ሲስተር፣ እርስዎን ፈርተን እኮ ነው። ሳንሰጥ ያለፈንን መድኃኒት እንኳ እንደሰጠን አድርገን ቻርቱ ላይ እንፈርም ነበር» አለችኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ በዋርዴ ያስደበቅኩት እኔው ነኝ። በዚያ ፊርማ ስንት ሕመምተኛ እንደተጎዳ ዛሬ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

ተማሪዎቼን ትክክለኛውን ሕመምተኛ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድና ሰዓት እንዲያረጋግጡ በቃላቸው አስይዣለሁ። ሲሳሳቱ ያለ ፍርሃት የሚነግሩት ሰው ግን አልሆንኳቸውም።

ዛሬ ዋርድ የምትመሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ ስህተቷን ልትነግራችሁ የመጣች ነርስ ስታገኙ አስቀድማችሁ ሕመምተኛው እንዴት እንደሆነ ጠይቋት። ስለነገረቻችሁ አመስግኗት። ከዚያ ምን እንዳሳሳታት አብራችሁ ፈልጉ፤ የእናንተ ድርሻ ካለበትም በሁሉ ፊት ተናገሩ። ያቺን ልጅ በሰው ፊት እንዳዋረድኳት ሁሉ፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ፤ ያን ሌሊት ከእኔ ይልቅ ነርስ የነበረችው እሷ ናት።