መሶብና «የገበሬ ቤት»

በሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው ታናሽ እህቴ የምግብ ክፍሏን «ዘመናዊ የገበሬ ቤት» በሚባለው ስልት ለማስጌጥ ስትነሣ፣ እኔ ከአሌክሳንድሪያ ለምክር ተጠራሁ። ስልቱን በመላው አሜሪካ ያዛመቱት የቴክሳሶቹ ባልና ሚስት ቺፕና ጆአና ጌይንስ ናቸው፤ «ፊክሰር አፐር» የተባለው የቴሌቪዥን ዝግጅታቸው እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2018 ዓ.ም. ታይቷል። ነጭ የተቀባ የግድግዳ ሳንቃ፣ ያልተላገ የሚመስል ረጅም ገበታ፣ የጥቁር ብረት መብራት ዋና ምልክቶቹ ናቸው።

የገበሬ ልጅ የሆኑት እናታችን ሥዕሉን አይተው፣ «የየት አገር ገበሬ ነው?» አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ መቀመጫው መደብ፣ ጣራው በጭስ የጠቆረ ነው። ቀጥለውም በስንደዶና በአለላ የሰፉት መሶብ የት እንደሚቀመጥ ጠየቁ። እህቴ ያሰበችው መደርደሪያ አናት ላይ ነበር።

ስፌት ጌጥ መሆኑ ነውር የለበትም፤ ሐረሮች ግድግዳቸውን ሲያስጌጡበት ኖረዋል። መሶብ ግን ገበታም ነው። ረጅሙ ገበታ ተመጋቢን በየሳሕኑ ይለያያል፤ መሶብ እጅን ከእጅ ያገናኛል። አማርኛ ያልያዙት ሁለቱ የእህቴ ልጆች ከአያታቸው ጋር የቀራቸው ቋንቋ ጉርሻ ነው፤ ጉርሻ ደግሞ ክንድ የሚደርስበት ቅርበት ይሻል።

ስለዚህ ሳንቃው ነጭ ይቀባ፣ ገበታውም ይገዛ፤ መሶቡ ግን በመስኮቱ ሥር ከአራት በርጩማዎች ጋር ተቀምጦ እሑድ እሑድ ይበላበት አልሁ። እህቴ ተስማማች። እናታችን በርጩማዎቹን ቆጥረው፣ «ለእንግዳስ?» አሉ። አምስተኛው ተገዛ።