ጣሪያው ላይ ፍራሽ፣ ጉዞው ወደ ነቀምቴ

ከአዲስ አበባ ወደ ወለጋ የሚሄድ የቤተሰብ መኪና ጣሪያው ባዶ ሆኖ አይተው ያውቃሉ? ለእናት የተገዛ ፍራሽ፣ ለእህት ልጅ የተመረጠ ብስክሌት፣ ለሠርግ የተላኩ ወንበሮች ከላይ በገመድ ተጠፍረው ይሄዳሉ። በውጭ አገር ሐይቅ ለመዝናናት የሚወጣ ቤተሰብ ጀልባውን እንዲሁ አስሮ ሲሄድ «ነዳጄን ምን ያህል ይበላብኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ቤንዚን በሊትር ከመቶ ብር ካለፈ ወዲህ ጥያቄው የእኛም ሆኗል።

እኔና ባለቤቴ በዚሁ ተወራርደን ነበር። ስንሄድ ጣሪያው ላይ የእናቷ ፍራሽ ብቻ ነበር፤ ክብደቱ ከአንድ ልጅ አይበልጥም። ስንመለስ ግን ከኋላ መቀመጫው ጀርባ አንድ ኩንታል ጤፍ ጭነናል። «ነዳጁን የሚጨርሰው ጤፉ ነው» አልኩ። እሷ ደግሞ «ፍራሹ ነው፣ ንፋሱን አትሰማም?» አለች። ነቀምቴና አዲስ አበባ ስንደርስ ታንኩን ሞልተን አስተያየን። ፍራሹ ወደ አራት ሊትር አስበልጦ ተገኘ። እስካሁን ታነሳብኛለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመቶ ኪሎ ሜትር አሥር ሊትር የሚፈጅ መኪና 33 ሊትር ይፈልጋል። የአሜሪካ መንግሥት ለአሽከርካሪዎች በሚያወጣው መመሪያ መሠረት፣ ጣሪያ ላይ የተጫነ ትልቅና ፊቱ ደፍጣጣ ሣጥን ከከተማ ውጭ አንድ ሊትር የሚያስኬደውን ርቀት ከ6 እስከ 17 በመቶ ይቀንሳል። ከመኪናው ኋላ ቢታሰር ግን ጉዳቱ ከ1 እስከ 5 በመቶ ብቻ ነው። 45 ኪሎ ተጨማሪ ክብደት ደግሞ 1 በመቶ ገደማ ቢያጎድል ነው።

ክብደቱ ዳገት ላይ ይከብዳል ይሉኝ ይሆናል። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ከባኮ ቆላ እስከ ነቀምቴ ያለው ከፍታ ግን አራት መቶ ሃምሳ ሜትር ገደማ ነው። ቢያሰሉት አንድ ኩንታልን ያን ያህል ሽቅብ ለማውጣት የሚቃጠለው ቤንዚን ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። ንፋሱ ግን በሊትር ነው የሚያስከፍለው።

ስለዚህ ነዳጅዎ የሚያልቀው ፈታኝ መስሎ በሚታየው ዳገት ላይ ሳይሆን ምቹ በሆነው ሜዳ ላይ ነው። ሆለታን አልፈው በአዲስ ዓለምና በጊንጪ በኩል መንገዱ ቀጥ ሲልልዎ እግርዎ ሳይታወቅዎ ይጫናል። የንፋስ ግፊት በፍጥነቱ ልክ አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ90 ወደ 60 ዝቅ ቢሉ ከግማሽ በታች ይወርዳል። ዕቃ ከላይ ካሰሩ እዚህ ላይ ይታገሡ። አምቦ የሚደርሱት ትንሽ ዘግይተው ቢሆን ነው፤ ጠበሉም የትም አይሄድ።

ጉደርን አልፈው ጌዶ ብርዱ ላይ ሲወጡ ወርደው ገመዱን ይፈትሹ። ከዚያ በኋላ ወደ ግቤ የሚወስደው ቁልቁለት ይጀምራል፤ እዚህ የሚያሳስበው ነዳጁ አይደለም። ከላይ የተጫነ መኪና ኩርባ ላይ ያዘነብላል፤ ልጆች ከኋላ ተቀምጠዋል። ከባድ ዕቃ ጣሪያ ላይ አያውጡ፤ ጤፍም ሆነ ማር ቦታው ወለሉ ላይ ነው። ማርሽ አውጥተው መንከባለልንም ይተዉት፤ የዛሬ ሞተሮች ማርሽ ውስጥ ሆነው ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ቤንዚኑን ራሳቸው ይቆርጣሉ። ማርሹ መኪናውን ስለሚይዝልዎም ፍሬንዎ አይግልም።

ባኮ ሙቀቱ ይቀበልዎታል። ገበሬው «ቢኤች» እያለ የሚጠራው የበቆሎ ዘር ስሙን ያገኘው ከዚህች ከተማ የምርምር ማዕከል ነው። ሲሬን አልፈው ነቀምቴ ሲገቡ መጀመሪያ ጣሪያውን ያራግፉ፤ ከዚያ ልጆቹን ይዘው ወደ ኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ይሂዱ። የሌቃ ገዢዎች የኖሩበትን ግቢ ማየት ከአንድ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ይበልጣል። ቡና ሲገዙም በዓለም ገበያ «ለቀምቲ» የሚባለው የዚህ አካባቢ ቡና መሆኑን ይንገሯቸው።

ወደ ጊምቢ የሚቀጥሉ ከሆነ እስከ ዴዴሳ ወርደው እንደገና ስለሚወጡ የማያስፈልግዎትን ዕቃ ነቀምቴ ዘመድ ቤት ይተዉ። ደግሞም ከመነሳትዎ በፊት እዚያ ላለ ሰው ደውለው ስለ መንገዱ ሰላምና ስለ ነዳጅ ሰልፍ ይጠይቁ። ላለፉት ዓመታት ስንቱ ቤተሰብ ዕቃውን ገዝቶ፣ መንገዱ እስኪረጋጋ እየጠበቀ፣ ሳይሄድ ቀርቷል። ታንክዎን አምቦ ላይ ይሙሉ እንጂ በጀሪካን ቤንዚን ከልጆች ጋር አይጫኑ።

ፍራሽ መጫን የግድ ከሆነ ጠቅልለው፣ ዝቅ አድርገው፣ በሰፊ ቺንጊያ ከፊትና ከኋላ ጭምር ይሰሩት፤ ንፋስ ከሥሩ ከገባ ገመድ አያቆመውም። ሸራው እንዳይርገበገብ ያጥብቁት። ሲያራግፉም ፖርቶመጋላውን ይፍቱት፤ ባዶውንም ቢሆን ንፋስ ይጋፋል። የእኛው አሁን ግቢ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቴ በርበሬ ታሰጣበታለች።