መኪናችን መኪና ግርግር ገባች

እኛን እንዴት ሰነበታችሁ ብላችሁ ባትጠይቁን ይሻላል። ከጠየቃችሁን ግን… እንነግራችኋለን፤ ምን ምርጫ አለን!

ሁለት ነን፤ እህትና ወንድም። ታላቂቱ በጋዜጠኝነት ተመርቃ ሥራ ትፈልጋለች (ይህችን ጽሑፍ የምትጽፈው እሷ ናት፤ ያለ ክፍያ)። ታናሹ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይማራል፤ ማለትም ሰፈሩ ውስጥ አምፖል ሲቃጠል የሚጠራው እሱ ነው። አባታችን የሐረር ታክሲ ሾፌር ነው። የምን መኪና? ብሎ የሚጠይቅ ሐረሬ የለም። ፔጆ 404 ናታ!

ለማታውቋት እናስተዋውቃችሁ። ፈረንሳዮቹ ይህችን መኪና ለገበያ ያወጧት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ቅርጿን ያወጣላት ፒኒንፋሪና የሚባለው የጣሊያን ቤት ነው። የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ አሸንፋለች፤ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968። ፈረንሳይ ውስጥ የቤት መኪናዋን መሥራት ያቆሙት በ1975 ነው። እነሱ ተዉአት፤ ሐረር ግን አልተወቻትም። አባታችን ዛሬም እሷኑ ይዞ ከሸዋ በር ፈረስ መጋላ፣ ከፈረስ መጋላ ሸዋ በር ይመላለሳል።

እናላችሁ… ባጃጅ መጣ። ባጃጅ ርካሽ ነው፤ ፔጆ የማይገባበት ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። የአባታችን ገቢ ከወር ወር እየሳሳ ሄደ። አንድ ምሽት እራት ላይ "ልሸጣት ነው፤ አሮጌ መኪና የሚሰበስብ ሰው ከአዲስ አበባ ጠይቆኛል" አለ። እናታችን ዝም አለች። እኛም ዝም አልን። የሁለታችንም የትምህርት ቤት ክፍያ የወጣው ከዚያች መኪና ነው። ደግሞስ ሸጦ ምን ሊገዛ ነው? በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪናን ዋጋ ሰማይ ሰቀለው። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከለከለ። ዛሬ መኪናውን የሸጠ ሾፌር ነገ ሾፌር መሆኑ ያጠራጥራል።

ስለዚህ መኪናዋን ልናድናት ቆረጥን። ሐሳባችን ቀላል ነበር፦ ሙሽራና ቱሪስት። ብሉቱዝ ያለው ቴፕ፣ ከኋላ ሁለት ስፒከር፣ ጣሪያው ላይ ሰማያዊ መብራት። አባታችን ለለቅሶ ጅጅጋ ሄዶ ሦስት ቀን ሊቆይ ነው። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ቀን

ጥፋት አንድ፦ ለስፒከሩ ቀዳዳ ስንበሳ የኋላውን ወንበር አላወለቅንም። ማን ይደክማል! መብሻው ከቆርቆሮው ላይ አንሸራተተና የወንበሩን ልብስ ጠምጥሞ ስንዝር ያህል ቀደደው።

ጥፋት ሁለት፦ የመብራቱን ሽቦ በጣሪያው ጨርቅ ሥር ልናሳልፍ ስንስብ ጨርቁ እንደ ደረቀ እንጀራ ተተረተረ። ለካ ስንት ዓመት ፀሐይ የበላው ጨርቅ ቦታው ላይ ሲቀመጥ እንጂ ሲጎትቱት አይችልም።

ጥፋት ሦስት፦ የጋለውን የሽቦ መበየጃ "ለአንድ ደቂቃ" የፊት ወንበር ላይ አስቀመጥነው። የሲኒ አፍ የሚያህል ቀዳዳ!

ያን እያየን አፋችንን ከፍተን ሳለን ክሩስኮቱ ሥር ጭስ ሸተተን። ባትሪውን አልነቀልንም ነበር። ሽቦውም ላይ ፊውዝ አላደረግንም። ታናሹ ዘሎ የባትሪውን ገመድ መነጨቀው። ተረፍን። እጃችን ግን እስኪመሽ ድረስ ተንቀጠቀጠ።

ማታ ደግሞ ጥፋቱን ልናርም ሌላ ጥፋት ጨመርን። ቅዳጁን በሱፐር ግሉ አጣበቅነው። ጠዋት ስናየው ነጭ ሆኖ፣ እንደ ጥፍር ደርቆ፣ ጫን ስንለው ቀጭ ብሎ ተሰነጠቀ። ወንበር ላይ ሰው ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሚታጠፍ ነገር እንጂ የሚደርቅ ነገር አይሆነውም። ይህን ያወቅነው አበላሽተን ነው።

መኪና ግርግር

ጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር የሚባለውን ሰፈር ታውቁታላችሁ። ስሙን ያወጣለት የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ጩኸት ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ግራና ቀኝ ተደርድረው ቀኑን ሙሉ ግርርር ያደርጉታል። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አራት እግር ያላት መኪና አትገባበትም። ወንበሮቹን ፈታን፤ ፈረስ መጋላ ድረስ በሰው መኪና አመጣናቸው፤ ከዚያ ተሸክመን ወረድን። "አቦ፣ ሶፋ ተጋባችሁ እንዴ?" ያላለን ሰው የለም።

ያገኘናቸው ሰፊ ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ቅዳጁን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ማነው ያረደው?"

"እኛ ነን አባባ።"

"ሙጫውንስ ማን ቀባው?"

"እሱንም እኛው።"

ሳቁብን። ከዚያ አስተማሩን። ቀዳዳ ከላይ አይደፈንም፤ ከሥር ነው የሚደገፈው። ለመጣፊያ የሚሆነው ቁራጭ ከገበያ ሳይሆን ከራሱ ከወንበሩ፣ ከማይታየው ከሥሩ እጥፋት ይቆረጣል፤ ቀለሙም እርጅናውም አንድ ይሆናል። አዲስ ልብስ ጠንካራ ስለሆነ አሮጌውን ከስፌቱ ላይ እየሳበ ይቀደዋል። ማስቲሹ በሁለቱም ፊት ይቀባና ጣት ላይ መያዙን እስኪተው ይጠበቃል፤ ከዚያ ይጫናል። ስፌቱም ሰፋ ሰፋ ይላል፤ ከተጠጋጋ መርፌው እንደ ቴምብር ጠርዝ ይበሳሳውና ራሱ ይቀደዳል። እግራቸውን ከፔዳሉ ላይ አንስተው መንኮራኩሩን በእጃቸው እያዞሩ፣ አንድ አንድ መርፌ አስገቡለት።

የኋላውን ወንበር ልብስ ሲገለብጡት ግን ቆም አሉ። ከሥሩ ሌላ መጣፊያ ነበረ። ያረጀ፣ ክሩ የነጣ።

"ይህ የእኔ እጅ ነው" አሉ። "አባታችሁ ልጅ እያለ፣ መኪናዋን በገዛ በዓመቱ፣ የካሴት ቴፕ አስገባለሁ ብሎ ነው የቀደደው።"

ተያየን። ያ የልጅነታችን ቴፕ! የኋላው ወንበር ላይ ተኝተን እየሰማነው ያደግነው!

ጣሪያውን ግን እሳቸውም አልዋሹንም። "ይህ አይደበቅም። አያይዤ እሰጣችኋለሁ፤ መስመሩ ግን ይታያል።" ማምሻቸውን መኪናዋ ያለችበት ድረስ መጥተው በእጅ ሰፉልን። መስመሩ ይታያል።

ሦስተኛው ቀን

እውነቱን እንናገር። ልንዋሽ አስበን ነበር። ወንበሮቹን ያየ ሰው አይነቃም፤ ጣሪያውን "በእርጅና ተቀደደ" ማለት ይቻላል። ግን ያንን አሮጌ መጣፊያ ካየን በኋላ ውሸቱ አፋችን ላይ አልመጣ አለ። አባታችን ገና ሻንጣውን ሳያስቀምጥ ሁሉንም ነገርነው። ሽማግሌው ያሉትንም ጨምረን።

ሄዶ በሩን ከፈተ። ወንበሩን ዳሰሰ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ብዙ ቆየ።

"ባትሪውን ነቅላችሁ ነበር?"

"አልነቀልንም።"

ፊቱ ተለወጠ። "የሚያናድደኝ እሱ ነው። ጨርቅማ ይሰፋል። እናንተ ብትቃጠሉ የት ሄጄ ነው የማሰፋችሁ?"

ከዚህ በላይ አልተናገረም። በማግስቱ ግን ታናሹን ጠርቶ አብረው ሽቦውን እንደገና ዘረጉት፤ መጀመሪያ ባትሪው ተነቀለ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገባ፣ ሽቦው ቆርቆሮ በሚነካበት ሁሉ ናስትሮ ተጠመጠመ። ቴፑ ዛሬ ይሠራል። ሰማያዊው መብራት አባታችን "መጠጥ ቤት አይደለም" ስላለ ቀርቷል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ቱሪስቶች ለግማሽ ቀን ተከራዩዋት። ቴፑን ልንከፍትላቸው ስንል "ሞተሯን እንስማ" አሉን! አንደኛዋ ቀና ብላ የጣሪያውን ስፌት ስታይ እኛ አንገታችንን ደፋን። እሷ ግን ፎቶ አነሳችው።

መሸጡን አባታችን እስከ አሁን መልሶ አላነሳውም። እኛም አልጠየቅነውም። የአዲስ አበባው ሰው ስልክ ቁጥር ግን አሁንም ክሩስኮቱ ላይ ተለጥፏል፤ በየቀኑ እናየዋለን።

እስከዚያው፣ መኪና የምታሳምሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ከሁሉ በፊት ባትሪውን ንቀሉ። ወንበሩንም አውልቁ፤ ስንፍና ከሰፊ ዋጋ ይበልጣል።

ቸር እንሰንብት!