ስንት ገጽ ቀረን?

ባለፈው ሳምንት አንድ መምህራችን አንድ ወፍራም መጽሐፍ በእጃችን አይተው «አንድ ሺህ ገጽ ተረት ለማንበብ ጊዜ ከየት አገኛችሁ?» ሲሉ ጠየቁን። እኛም ሣቅን እንጂ አልመለስንም። ጥያቄው ግን ተገቢ ስለሆነ መልሱን እዚህ ለማውጣት ተስማማን።

መጽሐፉ የእንግሊዛዊው ደራሲ የጄ. አር. አር. ቶልኪን «የቀለበቶቹ ጌታ» ነው። ቶልኪን እ.ኤ.አ. በ1892 በደቡብ አፍሪካ ተወልዶ እንግሊዝ አገር ያደገና በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ ሰው ነው። ከዚህ በፊት ያሳተመውን «ሆቢት» የተባለውን መጽሐፍ የጀመረው የፈተና ወረቀት ሲያርም ባገኘው ባዶ ገጽ ላይ እንደሆነ ራሱ ተናግሯል። እኛ ያነበብነውን መጽሐፍ መጻፍ የጀመረው በ1937 ሲሆን፣ በሦስት ጥራዝ ታትሞ የወጣው በ1954 እና በ1955 ነው። ምዕራፎቹ 62 ናቸው። አገሩም፣ ካርታውም፣ ቋንቋዎቹም የደራሲው ፈጠራ ናቸው።

በመኝታ ክፍላችን አራት ነን፤ መጽሐፉ ግን አንድ ነው። ስለዚህ ከእራት በኋላ መብራት እስኪጠፋ አንዳችን ጮክ ብሎ ሲያነብ ሦስታችን እናዳምጣለን፤ መዝገበ ቃላቱ በአንዳችን ጉልበት ላይ ይቀመጣል። እውነቱን እንናገርና መጀመሪያ ሰልችቶን ነበር። ስለ ልደት ድግስ፣ ስለ ዘመድ አዝማድ፣ ስለ ትምባሆ ሳይቀር ይተርካል። ዘፈኖቹንማ ዘለልናቸው። በየማታው «ስንት ገጽ ቀረን?» እንባባል ነበር። ጀግናው ጎራዴ የሚመዝ ጎረምሳ መስሎን ስንጠብቅ፣ ፍሮዶ ጉዞውን ሲጀምር 50 ዓመት የሞላው፣ ቁመቱ ልጅ የሚያህል፣ ጦርነት አይቶ የማያውቅ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከጎኑ የማይለየው ሳምም አትክልተኛው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ክፉ ኃይል ያለውን ቀለበት በተሠራበት የእሳት ተራራ ውስጥ ጥሎ ማጥፋት ነው። ይህንን ለመናገር እኮ አንድ ገጽ ይበቃል! የቀረው ለምን እንዳስፈለገ የገባን ስለ ጎለም ስናነብ ነው።

ጎለም ድሮ ሌላ ስም የነበረው፣ ቀለበቱ ወደ 500 ዓመት ያህል አብሮት ኖሮ ውስጡን የበላው ፍጡር ነው። ቀለበቱን መልሶ ለመውሰድ ሲከተላቸው ፍሮዶ ይዞት ሳለ አይገድለውም፤ መንገድ መሪ ያደርገዋል፤ በድሮ ስሙም ይጠራዋል። ጎለም ጥቂት በጥቂት ሰው ሰው መሽተት ይጀምራል። ክፋቱ ግን አልለቀቀውም፤ ወጥመድ አዘጋጅቶላቸዋል። አንድ ሌሊት ሁለቱ ደክሟቸው ተኝተው ሳለ ይመጣል። ያያቸዋል። ፊቱ ይለወጥና የደከመ ሽማግሌ ይመስላል። እጁን ዘርግቶ የፍሮዶን ጉልበት ቀስ ብሎ ይነካል። በዚያች ደቂቃ ሳም ይነቃና እንደ ሌባ ቆጥሮ ያመናጭቀዋል። ሳም ቆየት ብሎ ይቅርታ ቢጠይቅም የጎለም ልብ ተመልሶ ተዘግቶ ነበር። ወደ ወጥመዱ ወሰዳቸው።

ያነብ የነበረው ጓደኛችን ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር።

በዚያ ሳምንት የማስተማር ልምምድ ላይ ነበርን፤ አራታችንም አንድ አራተኛ ክፍል በተራ እናስተምራለን። ዘወትር የሚያረፍድ፣ አንድ ቀንም ጠመኔያችን ከኪሱ የተገኘ ልጅ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ሰሌዳውን ሲጠርግልን አገኘነው። «ዛሬ ደግሞ ምን ልትወስድ ነው?» አልነው። የተናገረው አንዳችን ነው፤ ሦስታችን ስቀናል። ልጁ ዳስተሩን አስቀምጦ ወጣ። ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስም አልመጣም። ያንን ገጽ ያነበብነው ሐሙስ ማታ ነው።

ተማሪን በሰው ፊት አታሸማቅቁ የሚለውን በሥነ ልቡና ደብተራችን ጽፈን፣ ሸምድደን፣ ፈተናም አልፈንበታል። መጽሐፉ ግን የነገረን ሌላ ነው። ሳም ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዲያውም ከሁሉ ይልቅ የወደድነው እሱን ነው። ደክሞት ነበር፤ ጌታውን ይወድ ነበር፤ ጥርጣሬውም ምክንያት ነበረው። ያስደነገጠን ይህ ነው። መጽሐፉ መቶ ገጽ ቢሆን ኖሮ ጎለም ሌባ፣ ሳም ታማኝ ሆነው ይቀሩና ለሳም እናጨበጭብ ነበር። ከሁለቱም ጋር ያን ሁሉ ገጽ ስለተጓዝን ግን የጠፋችውን ደቂቃ አየናት።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ልጁ አጠገብ የሚቀመጠው ተማሪ ቤታቸው ወሰደን። «አጥፍተናል» አልነው። መሬት መሬት እያየ ሰማን። ሰኞ መጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። ልምምዳችን እስኪያልቅ ግን ሰሌዳውን አልነካውም።

መምህራችን ሆይ፣ ጊዜውን ያገኘነው ከእራት በኋላ ካለችው አንድ ሰዓት ነው፤ ሦስት ወር ያህል ፈጅቶብናል። ጎለምን በሕይወት መተው በመጨረሻ ምን እንዳስከተለ ግን እዚህ አንጽፍም።

መጽሐፉን ለቤተ መጻሕፍት መልሰናል። ለምትወስዱት፦ ብቻችሁን አትጀምሩት፤ ካርታውን በወረቀት ገልብጡ፤ የመጀመሪያዎቹን መቶ ገጾች ታገሡ። «ስንት ገጽ ቀረን?» ማለታችሁ አይቀርም። እኛም እስከ መጨረሻው ስንል ነበር፤ ኋላ ኋላ ግን እንዳያልቅብን ሰግተን ነው።

ከአንድ መኝታ ክፍል አራት ሠልጣኞች