ስለ አሮጌ መኪና አጠባበቅ

ዕድሜ የጠገበ መኪና እንደ ሸመገለ በቅሎ ነው፤ ጠባዩን ላወቀለት ያገለግላል፤ የሚቸኩልበትን ግን በመንገድ ላይ ያዋርዳል።

ይህንን የተማርነው ከአርብ ገበያ ወደ ንፋስ መውጫ ዳገቱን ስንወጣ ነው። ሞተሩ ጋለና ከራዲያተሩ እንፋሎት ወጣ። ክዳኑን ለመክፈት እጃችንን ብንዘረጋ፥ ባለቤታችን «በፊት ምሳችንን እንብላ» ብለው ከለከሉን። ልጃችን ግን የኛን እጅ አይቶ ነበርና፥ ዞር ስንል ሊረዳን ሽቶ ክዳኑን ፈታው፤ የፈላውም ውሃ ክንዱን አቃጠለው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ልጅ የሚማረው ከአባቱ እጅ ነውና።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ውሃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፥ በ3,000 ሜትር ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ግን ውሃውን አምቆ እንዳይፈላ ያቆየዋል፤ ክዳኑ በድንገት ሲከፈት የታመቀው ውሃ ወዲያው እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል።

ስለዚህ ከጉዞ በፊት፥ ሞተሩ ሳይሞቅ፥ መኪናውን በሜዳ ላይ አቁሞ የዘይቱን ልክና የራዲያተሩን ውሃ ማየት፤ ቺንጋው የላላ ወይም የተሰነጠቀ እንዳይሆን መመርመር፤ የአየሩን ፊልትሮ ከአቧራ ማጽዳት ይገባል። በመንገድ ቢግል ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ ነው፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ዛሬ ልጃችን ኮፈኑን ከመክፈቱ አስቀድሞ መዳፉን በላዩ ያሳርፋል፤ ሙቀት ያገኘ እንደ ሆነ ወደ እናቱ ዞሮ ምሳ ይጠይቃል።