ሸራ ወይስ ላሜራ?

ጣሪያው የሚነሳ ስፖርት መኪና አማኑኤል ላይ አይቼ አላውቅም። ያለን ባጃጅ ነው፤ የእሱም ጣሪያ ሸራ ነው። የምሥራቅ ጎጃም ክረምት ደግሞ ለሸራ አይራራም። ባለፈው ሐምሌ በረዶ የታላቅ ወንድሜን ባጃጅ ሸራ ቀዳደደው። በያጁ «ላሜራ በይጄልህ ተገላገል» ሲለው ጋሼ ደወለልኝ፤ «አንተ አውቶሞቲቭ ትማር የለ እንዴ፣ ምን ትላለህ?»

ሂሳቡን ሠራሁት። አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 8 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ካሬ ቢፈጅ 16 ኪሎ አናቱ ላይ ወጣ ማለት ነው። ከፊት አንድ ጎማ ብቻ ያለው ተሽከርካሪ ደግሞ ክብደቱ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ኩርባ ላይ መገልበጥ ይቀለዋል። ጋሼ ጠዋት ጠዋት የሚያመላልሰው ተማሪዎችን ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንቅልፍ ነሳኝ።

መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው፣ የጣሪያው መሀል ጎድጎድ ስላለ «ፓጎዳ» የተባለው ስፖርት መኪና፣ ጠንካራ ጣሪያው አይበየድም፤ በመቆለፊያ ተይዞ በበጋ ይነሳል። ለጋሼም ያልኩት ይህንኑ ነው፦ ግማሽ ሚሊ ላሜራ፣ ብየዳ ሳይሆን ቡሎንና ዳዶ፣ በላሜራውና በብረቱ መሀል ጎማ። ጎማው ከሌለ ውኃ ይገባል፣ ላሜራውም ከብረቱ ጋር እየተፋጨ ይበላል።

በያጁ «የተማሪ ነገር!» ብሎ ሳቀ፤ ግን ሠራው። ክብደቱ በግማሽ ቀነሰ። ዝናብ ሲመታው ግን ሹፌርና ተሳፋሪ አይደማመጡም። መስከረም ላይ ጋሼ 13 ቁጥር ቁልፍ ይዞ ጣሪያውን ብቻውን አወረደና አዲሱን ሸራ ወጠረ።