ተጠርጣሪ አይታጣም

አንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ብሮውዘር የጫነ ቤተሰብ ተጠርጣሪ አያጣም። በእኛ ቤት ልጄ የትምህርት ቤት ሥራውን በክሮም ይሠራል፤ ባለቤቴ ከፋየርፎክስ ሌላ አትነካም፤ እኔ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የመጣውን ኤጅን እጠቀማለሁ። አንዱ በተንቀራፈፈ ቁጥር ወቀሳው በሌላው ላይ ይወርዳል፤ ከብሮውዘሩ አልፎም ሰው ጋ ይደርሳል።

አንድ ቀን ክሮምና ኤጅ እኩል ገጽ መክፈት አቆሙ። ኢንተርኔቱ አለ፤ ስልኮቻችን ይሠራሉ፤ ፋየርፎክስም እንደወትሮው ነው። በዚያው ሰሞን አዲስ የፋየርፎክስ ስሪት ተጭኖ ስለነበር ነገሩ ያለቀለት መሰለን፤ ሁለቱን የዘጋቸው እሱ ነው። ከሁሉም አጥብቄ የከሰስኩት እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ "የኔ ስለሠራ ነው የሚከሰሰው?" ስትለኝ መልስ አጣሁ። ልጄ ክሮምን አጥፍቶ እንደገና ጫነው፤ የመጫኛውን ፋይል ያወረደው በተከሳሹ በፋየርፎክስ ነበር። ለውጥ የለም።

ቁልፉ ሳናነብ ስናልፈው የነበረው የስህተት መልእክት ላይ ነበር፤ ፕሮክሲው፣ ማለትም የብሮውዘሩን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚያሳልፈው አማካይ፣ ችግር አለበት ይላል። የዊንዶውስን ሴቲንግ ከፍተን ፕሮክሲ የሚለውን ስናይ 127.0.0.1 የሚል አድራሻ ተቀምጧል። ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት ቁጥር ነው። እዚያ የገባው እንዲህ ነው፤ በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲገደቡ ብዙ ሰው እንዳደረገው እኛም ገደቡን ለማለፍ ቪፒኤን ጭነን ነበር። ፕሮግራሙ የብሮውዘሮቹን ጥያቄ በራሱ በኩል ለማሳለፍ አድራሻውን ዊንዶውስ ላይ ጻፈው። ዲስኩ ሲሞላ ፕሮግራሙ ተሰረዘ፤ አድራሻው ግን ቀረ። ክሮምና ኤጅ የዊንዶውስን ፕሮክሲ ስለሚከተሉ ሰው የሌለበት ቤት ሲያንኳኩ ነበር። ፋየርፎክስ የራሱ የፕሮክሲ ምርጫ አለው፤ የእኛው ያለ ፕሮክሲ እንዲሠራ ቀድሞ ተስተካክሎ ስለነበር ተረፈ። ክሮምን መጫን ያልረዳውም ለዚህ ነው፤ ጣጣው የክሮም ሳይሆን የዊንዶውስ ሴቲንግ ነበር። ፕሮክሲውን ስናጠፋው ሁለቱም ወዲያው ሠሩ። ቪፒኤኑን ማን እንደጫነው ዛሬም አልተጣራም፤ ሁላችንም ግን ተጠቅመንበታል።

ከዚያ ወዲህ ብሮውዘሮች የሚጋጩበትን ቦታ ለየሁ። እያንዳንዱ ኩኪውን፣ የይለፍ ቃሉንና የተጎበኙ ገጾችን ዝርዝር በየራሱ ፎልደር ያስቀምጣል። ኤጅ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ እንደ ክሮም ሁሉ በክሮሚየም ላይ የተሠራ ቢሆንም ማኅደራቸው ለየብቻ ነው። ስለዚህ በአንዱ የገባሁበት ኢሜይል በሌላው እንደገና ይለፍ ቃል ቢጠይቀኝ ጠብ አይደለም። የሚነካኩት በጋራ ነገር ላይ ነው፤ በፕሮክሲው፣ በራሙ፣ ሊንክ ሲነካ ማን ይክፈተው በሚለው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ዋናውን ብሮውዘር የሚመርጠው ተጠቃሚው ራሱ በሴቲንግ ውስጥ ነው፤ ሁሉም "ዋና አድርገኝ" እያሉ የሚለማመጡት ለዚህ ነው። ክሮምና ኤጅ መስኮታቸው ከተዘጋም በኋላ ከጀርባ ሊቆዩ ይችላሉ፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው እንደኛው ላለ ኮምፒውተር ይህን ማጥፋት ሌላውን ብሮውዘር ከመሰረዝ ይበልጣል።

አሁን አንድ ነገር ሲበላሽ ማን አበላሸው ከማለቴ በፊት የተበላሹት ምን ይጋራሉ ብዬ እጠይቃለሁ። አንዱ ብቻ ከታመመ ኤክስቴንሽኑንና ካሹን አያለሁ፤ ሁለቱ አብረው ከወደቁ ከሥራቸው ያለውን እፈትሻለሁ። የቆመው ስለቆመ ብቻ የወደቀውን ጣለው አይባልም። ይህን ሁሉ ለባለቤቴ አስረዳኋት። "ይቅርታ ለማለት ይህን ያህል ትንታኔ አያስፈልግም ነበር" አለችኝ።